«ደንበኛ ንጉሥ ነው» እየተባለ እስከ መቼ ልሰደብ?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ ባለ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነኝ። 24 ዓመቴ ነው። በቅርቡ አንድ ሰውዬ ወደ 3,000 ብር የሚጠጋ ዕቃ ይዞ መጣ። በስልኬ ከፍያለሁ ብሎ ስክሪንሾት አሳየኝ። ብሩ ግን እኛ ጋ አልገባም። ትንሽ ይጠብቁ ስለው ‹ሌባ እመስላለሁ?› ብሎ ጮኸ። ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ ለመናገር የሚያሳፍር ስድብ ሰደበኝ። እኔም አልቻልኩም፣ መለስኩለት። ማኔጀራችን መጥቶ ሰው ፊት ይቅርታ አስጠየቀኝ። ብሩ በኋላ ገባ። ባይገባ ኖሮ ከደሞዜ ነበር የሚቆረጠው፤ ከዚህ በፊትም ተቆርጦብኛል። ቤይሩት ያለችው እህቴ ‹ዝም በይ፣ እንጀራሽ ነው› ትለኛለች። ለመሆኑ ደንበኛ ሁልጊዜ ትክክል ነው? ስሜቴንስ እንዴት ልቆጣጠር?»

ምላሽ፦

ከስሜትሽ አልጀምርም። የጻፍሽው ታሪክ ውስጥ ሦስት ጉዳዮች ተደበላልቀዋል። አንደኛው ገንዘቡ ገባ ወይስ አልገባም የሚለው ነው። ሁለተኛው ሰውየው የተናገረበት መንገድ ነው። ሦስተኛው ደግሞ መሥሪያ ቤትሽ ውሳኔውን ለራሱ ይዞ ጉድለቱን ለአንቺ መስጠቱ ነው። የመጀመሪያው በአሠራር ይፈታል። ሁለተኛው በንግግር ይያዛል። ሦስተኛውን አንቺ በትዕግሥት ልትፈቺው አትችይም፤ ከአለቃሽ ጋር ተቀምጠሽ የምትነጋገሪበት ነው። እስካሁን ሦስቱንም በትዕግሥት ለመወጣት ነው የሞከርሽው። ያ ደግሞ ማንንም ያደክማል።

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው ጽሑፍ በየሱቁና በየካፌው ተለጥፎ እናያለን። «ደንበኛ ሁልጊዜ ትክክል ነው» የሚለው ወንድሙ የመጣው ከ100 ዓመት በፊት ከነበሩት የአሜሪካና የእንግሊዝ ትልልቅ መደብሮች ነው። ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚነሳው የቺካጎው ማርሻል ፊልድና እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ በስሙ መደብር የከፈተው ሃሪ ጎርደን ሰልፍሪጅ ናቸው። በዚያ ዘመን ገዢ ዐይኑን ከፍቶ ካልገዛ የራሱ ጉዳይ ነበር። እነዚህ ነጋዴዎች ያመጡት ለውጥ የደንበኛን ቅሬታ ገና ከመነሻው ውሸት ነው ብሎ አለመነሳት ነው። ዕቃው ተበላሸ ካለ ተቀብሎ መቀየር ከጭቅጭቅ ያተርፋል አሉ፤ አተረፉም። ነገሩ የተባለው ስለ ዕቃና ስለ ገንዘብ ነው። ሠራተኛ ይሰደብ የሚል ነገር አልነበረበትም።

አለቃሽ «በሠለጠነው ዓለም እንዲህ ነው» የሚልሽ ከሆነ ደግሞ የሠለጠነው ዓለም ወዴት እየሄደ እንደሆነ ልንገርሽ። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2021 የሱቅ ሠራተኛን መምታት፣ ማስፈራራትና ማዋረድ ራሱን የቻለ ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አውጥታለች። «ደንበኛ አምላክ ነው» በሚባልባት ጃፓን እንኳ የቶኪዮ ከተማ ደንበኞች ሠራተኛን እንዳያንገላቱ የሚከለክል ደንብ አውጥቶ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት አለው ይላል። አንቺ ባንኮኒው ጀርባ ስትቆሚ የምትቆሚው በነጋዴው ስም ነው። ስለዚህ ስድቡን በስድብ ስትመልሺ፣ የተበደልሽው አንቺ ብትሆኚም፣ ሱቁን ጥፋተኛ ታደርጊዋለሽ። ሌላም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ አምባጓሮ ወይም ጠብ መፍጠርን፣ እንደ ጥፋቱ ክብደት፣ ያለማስጠንቀቂያ ከሚያሰናብቱ ምክንያቶች ውስጥ አስገብቶታል። አንድ ጊዜ ቃል መመለስሽ እዚያ ደረጃ ይደርሳል ማለቴ አይደለም። አለቃሽ ሊያስወጣሽ ከፈለገ ግን ሰበቡን በእጅሽ እንዳትሰጪው። እውነት ነው፣ የወንጀል ሕጉ ስድብንም ዛቻንም ያስቀጣል፤ ለደንበኛ የሚሠራው ለአንቺም ይሠራል። ግን በአንድ ስድብ ምክንያት ጣቢያ የሚመላለስ ካሸር እምብዛም አላየሁም። እሱን ለከባዱ ቀን አቆይው።

አሁን ወደ ስክሪንሾቱ። ትንሽ እቆይበታለሁ፤ ምክንያቱም ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ካሸር ጋ የሚነሳ ጠብ አብዛኛው ከዚህ የሚወጣ ይመስለኛል። ቴሌብር በ2013 ሲጀምር፣ የባንኮቹም መተግበሪያዎች እየተስፋፉ ሲመጡ፣ ሱቆች አከፋፈሉን ተቀበሉ፤ አሠራሩን ግን አላስተካከሉም። ክፍያው በሰከንድ ይላካል። ገንዘቡ መግባቱን የሚያሳየው ስልክ ግን ሱቁ ውስጥ የሌለው ባለቤት ኪስ ውስጥ ነው። ካሸሯ ትደውላለች። ባለቤቱ ስብሰባ ላይ ነው፣ ወይ መኪና እየነዳ ነው። ደንበኛው ይጠብቃል። ከኋላው ያለው ሰው ማጉረምረም ይጀምራል። እዚህ ላይ ሐቀኛው ደንበኛና አጭበርባሪው ፍጹም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚያደርጉት። ሁለቱም ስልካቸውን ያሳያሉ፣ ሁለቱም ቸኩለዋል፣ ሁለቱም ይቆጣሉ። አንቺ ከፊታቸው ልትለያቸው አትችይም። እንለያለን የሚሉ ካሸሮች አጋጥመውኛል፤ የሚለዩት በልብስና በመኪና ቁልፍ ነው። አጭበርባሪውም ይህን ስለሚያውቅ በደንብ ለብሶ ነው የሚመጣው።

ስክሪንሾት ገንዘብ እንዳልሆነ ለራስሽ አስረግጠሽ ያዢ። ስም፣ ቀንና መጠን ተቀይሮበት ሊሠራ ይችላል። ትናንት የተከፈለበት ሊሆን ይችላል። በእውነት የተላከ ሆኖ በአንድ አሃዝ ስህተት ሌላ ሰው ጋ የሄደ ሊሆን ይችላል። ወይም እንደ አንቺው ሰውዬ ኔትወርክ አዘግይቶት ይሆናል። ለሱቁ ስልክ የሚመጣው አጭር መልእክትም ብቻውን አይበቃም። ከመደበኛው የአገልግሎቱ ቁጥር ይልቅ ከግለሰብ ስልክ የተላከ፣ ቃሉን ብቻ የሚያስመስል መልእክት አለ። የሚታመነው ሱቁ በራሱ መተግበሪያ ገብቶ የሚያየው የገቢ ዝርዝር ነው። እዚያ ላይ አራት ነገር ይመሳከራል፦ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ የላኪው ስምና የግብይት መለያ ቁጥሩ። ይህን የምታይበት ስልክ ወይም ታብሌት ሒሳብ መቀበያው ላይ ከሌለሽ፣ ችግሩ የአንቺ ጠባይ እንዳልሆነ ለአለቃሽ በግልጽ መንገር አለብሽ።

ቀጥሎ ያለው የጊዜ ጉዳይ ነው። ሰውየው «ሌባ እመስላለሁ?» ያለው ደንቡን የሰማው ከከፈለ በኋላ ስለሆነ ነው። ዕቃው በፌስታል ገብቷል፣ ብሩ ከስልኩ ወጥቷል፣ ያኔ «ይጠብቁ» ተባለ። ማንም ቢሆን ተጠረጠርኩ ይላል። ያንኑ ነገር ከመክፈሉ በፊት ቢሰማው ኖሮ ተራ አሠራር ይሆንበት ነበር። ስለዚህ ሒሳብ መቀበያው ላይ፣ ደንበኛው በሚያይበት በኩል፣ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ «በሞባይል ሲከፍሉ ዕቃውን የምናስረክበው ገንዘቡ በእኛ በኩል ሲታይ ነው። ሊዘገይ ስለሚችል፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።» አንቺም «በምን ይከፍላሉ?» ብለሽ ጠይቂ። በስልክ ካለሽ «እሺ፣ እኛ ጋ እንደታየ ዕቃዎን ይወስዳሉ» በይ። ይህን ለሁሉም ሰው በይው፤ ለምታውቂያቸውም፣ ለሰፈር ሰዎችም፣ ባለ ክራቫቱንም ጨምሮ። አንዱን ትተሽ ሌላውን ስትይዢ ነው ስድቡ ፍትሐዊ የሚመስለው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚጮህ ይኖራል። ያኔ መጀመሪያ የምታደርጊው ሰውየውን ከሰልፉ ማውጣት ነው። ሰልፉ እሳቱ ላይ የሚጨመር ጋዝ ነው። ሰው በሕዝብ ፊት አንዴ ከጮኸ ወደኋላ መመለስ ውርደት ይሆንበታል። «ጋሼ፣ በዚህ በኩል ይምጡ፣ እዚህ ላይ እያየን እንጨርሰው» ብለሽ ወደ ጎን ውሰጂው። ዕቃው ባንኮኒው ላይ ይቆይ፤ ለሱ አይሰጥ፣ ወደ መደርደሪያም አይመለስ። ቀጥሎ የሚሰማው ነገር ይህ ይሁን፦ «እርስዎን ተጠራጥሬ አይደለም። ገንዘቡ እኛ ጋ ካልታየ ዕቃ እንዳላስረክብ ታዝዣለሁ። የግብይቱን ቁጥር ያንብቡልኝ፣ አብረን እንየው።» ቁጥሩን ማንበብ ሥራ ይሰጠዋል። ቁጥር እያነበበ የሚጮህ ሰው ብዙም አይገኝም። ካልታየ ደግሞ ሁለት ምርጫ ስጪው፦ «እስኪገባ ዕቃው በስምዎ ይቀመጥ፣ ደውለን እንንገርዎ። ወይም አሁን በጥሬ ገንዘብ ከፍለው ይሂዱ፤ ያኛው ሲገባ ማኔጀሩ ይመልስልዎታል።» ሁለተኛውን አማራጭ የምታቀርቢው አለቃሽ አስቀድሞ ከፈቀደና በጽሑፍ ካስቀመጠ ብቻ ነው። ካልፈቀደ አንደኛው ይበቃል።

ስለ ንግግሩ ራሱ ደግሞ ሥልጠና ላይ የሚሰጡ የተበላሹ ምክሮች አሉ። አንዱ «ሁልጊዜ ፈገግ በሉ» የሚለው ነው። ለሚጮህ ሰው ፈገግ ማለት መሳለቅ ይመስላል። ፊትሽ የሚያዳምጥ ሰው ፊት ይሁን፣ ይበቃል። ሌላው «ይረጋጉ» ማለት ነው። ይረጋጉ ተብሎ የተረጋጋ ሰው አላየሁም፤ ቃሉ «አንተ አብደሃል» ሆኖ ነው የሚሰማው። ሦስተኛው ረጅም ማብራሪያ ነው። የተናደደ ሰው ከአንድ ዐረፍተ ነገር በላይ አይሰማም። ስለ ኔትወርኩ፣ ስለ ሲስተሙ፣ ስለ አለቃሽ ስታብራሪ እሱ የሚሰማው ሰበብ ነው።

የሚሠራው ቀላል ነው፤ ግን ልምምድ ይፈልጋል። እስኪጨርስ አታቋርጪው። መልስ ያላገኘ ጩኸት ትንሽ ቆይቶ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሲያቆም ቅሬታውን በራስሽ ቃል መልሺለት፦ «ስለዚህ ብሩ ከእርስዎ ወጥቷል፣ እኛ ጋ ግን አልደረሰም፣ እርስዎም ቸኩለዋል።» አዎ ይላል። አንዴ አዎ ካለ ንግግር ጀመራችሁ ማለት ነው። ድምፅሽን ከሱ ዝቅ አድርጊ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ። «እርስዎ» ማለትን እሱ «አንቺ» እያለ ቢያንጓጥጥሽም አትተዪ፤ ቢያንስ የሰልፉ ሰው ከማን ጋር እንደሚቆም ያውቃል። በዕድሜ ለገፉት «እናቴ»፣ «አባቴ» ማለት ያበርዳል። እኩያሽን ግን «ወንድሜ» ስትይ ድምፅሽን ጠብቂ፤ በንዴት የተባለች «ወንድሜ» የትግል መጀመሪያ ናት።

ስድብ ሲመጣ ደግሞ መስመር አለ። መስመሩን አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሪ፦ «ጉዳይዎን እጨርሳለሁ፤ እየተሰደብኩ ግን አልችልም። ከቀጠሉ ማኔጀሩን እጠራለሁ።» ሁለተኛ ጊዜ አትድገሚው። ከቀጠለ ማኔጀሩን ጥሪ፣ ጉዳዩን ለሱ አስረክቢና ሂጂ። ማስጠንቀቂያ ተደጋግሞ ካልተፈጸመ ባዶ ቃል ይሆናል። ደንበኛውም ይህን ወዲያው ያነባል። በአንቺ ታሪክ ውስጥ የጎደለው ይህ መውጫ ነው። መውጫ ስላልነበረሽ ወይ መዋጥ ወይ መመለስ ብቻ ቀረልሽ።

አንድ ነገር ልብ በይ። የሚጮህ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እኛ ያስቆጣነው አለ። ከቤቱ ወይ ከታክሲ ሰልፍ ተቆጥቶ የመጣ አለ። እነዚህን ሁለቱን ማዳመጥ ያበርዳቸዋል። ሦስተኛው ጩኸትን እንደ መሣሪያ የሚጠቀም ነው። ከዚህ በፊት ጮኾ ዋጋ ተቀንሶለታል፣ ወይ ተራ ሳይጠብቅ ተስተናግዷል። እሱን በማዳመጥ ብቻ አታበርጂውም፤ ለጩኸቱ ምንም ባለመስጠት ነው የምታስቆሚው። በትህትና፣ ለሌላው የምትሰጪውን ያህል ስጪው፣ አንዲት ብር አትጨምሪ። ማኔጀርሽ ይቅርታ ሲያስጠይቅሽ ያልገባው ይህ ነው። የዚያን ቀን ሰልፍ ላይ የነበሩት ሁሉ በዚህ ሱቅ ጩኸት እንደሚሠራ አይተው ሄደዋል።

አራተኛው ዓይነት ከዚህ ጽሑፍ ምክር ውጭ ነው። የሰከረ፣ የሚያስፈራራ፣ እጁን የሚዘረጋ ሰው ከሆነ «አስቸጋሪ ደንበኛ» የሚለው ስም ይበዛበታል። ወደኋላ ሂጂ፣ በመካከላችሁ ባንኮኒ ይኑር፣ ጥበቃውን ጥሪ፣ ፖሊስም ይጠራ። ዕቃ ይዞ ከሮጠ አትከተይ። የትኛውም ፌስታል ውስጥ ያለ ዕቃ ለዚያ አይመጥንም። ሰውነትሽን የሚነካ፣ ስልክ ቁጥርሽን ካልሰጠሽኝ ብሎ ባንኮኒው ላይ የሚደገፍ፣ ስትወጪ የሚጠብቅሽም እንዲሁ ነው። ሳቅ ብለሽ አታልፊው። «ይህ ሥራዬ አይደለም፣ እባክዎ ያቁሙ» በይ፣ ያኔውኑ ለኃላፊሽ ንገሪ፣ ቀንና ሰዓቱን ጻፊ።

ሌሎቹን የጠብ ምንጮች ባጭሩ ላንሳ፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ሱቁ ራሱ የሚፈጥራቸው ናቸው። መደርደሪያው ላይ 180 ተብሎ ማሽኑ 210 ሲያወጣ ደንበኛው መቆጣቱ ልክ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ የመደርደሪያውን ወረቀት የሚቀይር ሰው ግን አይመደብም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ዋጋ በግልጽ እንዲለጠፍ ያዛል። ልዩነት ሲመጣ ካሸሯ በተለጠፈው ዋጋ እንድትሸጥ አስቀድሞ ይፈቀድላት። ልዩነቱን ሱቁ ይክፈል፤ ያኔ ወረቀቱን በፍጥነት ይቀይራል። ዝርዝር የለም ተብሎ ማስቲካና ከረሜላ መስጠትስ? ትንሽ ይመስላል። ግን በቀን ስንት ሰው በዚህ ተናዶ እንደሚወጣ አስቢ። ዝርዝር ሳንቲምና ብር ጠዋት አምጥቶ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ የሱቁ ሥራ ነው። «ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?» ለሚሉሽ ደግሞ መልሱ አጭር ነው፦ «ማሽኑ ካልቆረጠው አልሸጥም።» እዚያ ላይ ክርክር አትግቢ።

የዕቃ መመለስ ላይ ግን ሁለቱም ወገን ይሳሳታል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ብዙ ቦታ አለ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም። ያው 813 ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ካገኘ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። በሌላ በኩል ይህ መብት ለጉድለት ነው። ቀለሙን ጠላሁት፣ ሌላ ቦታ ረከሰብኝ፣ ባለቤቴ አልወደደውም የሚል ደንበኛ ጉድለት አላገኘም። ለሱ መቀየር የሱቁ ፈቃድ ነው። ይህን ልዩነት ካወቅሽ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ፊት ማስተናገድ ትችያለሽ። የመጀመሪያውን «ልክ ነዎት፣ ደረሰኙን ይስጡኝ» ትያለሽ። ሁለተኛውን «ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ልቀይርልዎ የምችል መሆኑን ኃላፊውን ልጠይቅ» ትያለሽ። ደንበኛው ትክክል በሆነበት ቀን ቶሎ ትክክል ነህ ማለት ጠቡን ከመነሻው ያስቀረዋል። ብዙ ሻጮች የሚሸነፉት እዚህ ነው። ሱቁን መከላከል ግዴታ ይመስላቸዋል፣ ይከራከራሉ፣ መጨረሻ ላይ ሕጉ ያስገደዳቸውን ያደርጋሉ። ጠቡ ትርፍ ሆነ።

አሁን ወደ ደሞዝሽ። አሠሪ ከሠራተኛ ደሞዝ እንደፈለገ መቁረጥ አይችልም። በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት መቁረጥ የሚቻለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በዚያም ጊዜ ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። እዚህ ላይ ግን ወደ ኋላ ተመልሰሽ ስትቀጠሪ የፈረምሽውን አንብቢ። ካሸር ሲቀጠር ዋስ ይጠየቃል፣ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ውስጥ «የሚደርሰውን ጉድለት ለመክፈል ተስማምቻለሁ» የሚል መስመር መኖሩ የተለመደ ነው። ካለ ክርክርሽ ይከብዳል፤ ሲሶው ግን አሁንም ይሠራል። ከሌለና በቃል ብቻ ከቆረጡብሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ለንጽጽር ያህል፣ ብዙ ባንኮች ለገንዘብ ከፋዮቻቸው የጉድለት መጠባበቂያ አበል ይከፍላሉ። ሱፐርማርኬቶች ኃላፊነቱን ወስደው አበሉን ይረሱታል።

እህትሽ ያለችሽን በንቀት አልመልስም። ቤይሩት ቤት ውስጥ የምትሠራ ከሆነ የምትኖረው በከፋላ ሥርዓት ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። እዚያ ዝም ማለት ራስን ማትረፊያ ሊሆን ይችላል። አንቺ ግን ማታ ወደ ቤትሽ ትገቢያለሽ፣ ሥራ መቀየር ትችያለሽ፣ አቤት የምትይበት ቢሮ አለሽ። የሷን መፍትሔ ለራስሽ አትውሰጂ።

ስሜትሽን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ከላይ ያሉት ካልተስተካከሉ ምንም የትንፋሽ ልምምድ ስለማይበቃ ነው። አንድ ነገር ግን ይጠቅምሻል። ከባድ ጠብ ካለፈ በኋላ ወዲያው የሚቀጥለውን ደንበኛ አትቀበይ። አምስት ደቂቃ ከወንበሩ ተነሺ፣ ውኃ ጠጪ፣ ባልደረባሽ ትያዝልሽ። ቀጣዩ ደንበኛ ምንም አላደረገም፤ የሚቀበለው ፊት ግን የቀድሞውን ነው። ከዚያ ደግሞ የገንዘብ ስህተት የሚሠራው እጅ ሲንቀጠቀጥ ነው። አለቃሽ ደቂቃውን ከከለከለሽ በዚህ ንገሪው፤ ስለ ስሜትሽ ላይሰማ ይችላል፣ ስለ ጉድለት ግን ይሰማል።

ስለዚህ የምመክርሽ ይህን ነው። በዚህ ሳምንት፣ ሱቁ ጭር በሚልበት ሰዓት፣ ማኔጀርሽን ለብቻው አነጋግሪ። ስለ ይቅርታው አትጀምሪ፤ መከላከል ውስጥ ይገባል። ይልቅ ይህን ጠይቂ። የሞባይል ገቢውን የምታይበት መሣሪያ ሒሳብ መቀበያው ላይ ይቀመጥ፣ ደንቡም ለደንበኛ በሚታይ ቦታ ይለጠፍ። ማንንም ሳትጠይቂ ልትወስኚ የምትችይው የገንዘብ መጠን ይገለጽልሽ፤ 200 ብርም ትሁን፣ ትገለጽ። በእያንዳንዱ ፈረቃ ጠብ ሲነሳ የሚረከብ አንድ ሰው በስም ይመደብ፣ እሱም ሲመጣ ደንበኛውን ያነጋግር እንጂ ካሸሯን ደንበኛ ፊት አይገሥጽ። ጥፋት ካለብሽ ጓዳ ውስጥ ይንገርሽ። የተስማማችሁበትን በዚያው ቀን በቴሌግራምም ቢሆን ጽፈሽ ላኪለት፦ «ዛሬ የተነጋገርነው ይህ ነው» ብለሽ። በቃል የቀረ ነገር ጠብ ሲነሳ ይጠፋል።

ከዚያ ጎን አንድ ደብተር ያዢ። ጠብ በተነሳ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምክንያቱንና እንዴት እንዳለቀ በሁለት መስመር ጻፊ። የደንበኛ ስምና ስልክ አያስፈልግም። ወር ሲሞላ ቁጭ ብለሽ ስታነቢው ምክንያቶቹ ጥቂት እንደሆኑና እንደሚደጋገሙ ታያለሽ። ማኔጀር በለቅሶ አይንቀሳቀስም። «ከዚህ ወር ጠብ ግማሹ የመደርደሪያ ዋጋ ነው» የሚል ደብተር ግን ለባለቤቱ ሊያሳየው የሚችል ነገር ነው።

ካልሰሙሽና ደሞዝሽ ያለ ጽሑፍ መቆረጡ ከቀጠለ በምትሠሪበት ክፍለ ከተማ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ባለሙያ አነጋግሪ። የቅጥር ውልሽን፣ የደሞዝ መክፈያ ማስረጃና ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ። በንዴት ቀን ሥራ አትልቀቂ፤ ሌላ ቦታ እስክታገኚ እዚያው ሆነሽ ፈልጊ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ ስትለቂ ብቻ የሚሰጥ አይምሰልሽ። ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ አሠሪው በነፃ ጽፎ መስጠት አለበት፤ የሥራሽን ዓይነት፣ የሠራሽበትን ጊዜና ደሞዝሽን የሚገልጽ ነው። ጥያቄውን በጽሑፍ አስገቢ፣ ቅጂው ላይ ቀንና ፊርማ አስደርገሽ አስቀሪ።